የሚጠወልግ ዛፍና ተጠርጣሪዎቹ

በታመመ ዛፍ ውስጥ አንድ ተሕዋስ ብቻውን አይገኝም። ግንዱ ተፈልጦ እንጨቱ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ፈንገሱ፣ ባክቴሪያው፣ ትሉና የጥንዚዛው ዕጭ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ከእነዚህ መካከል ዛፉን የገደለው፣ ገዳዩን ያገዘውና ዛፉ ከሞተ በኋላ ለመብል የመጣው የትኛው እንደሆነ ግን በማየት ብቻ አይለይም። የፓይን ዛፍን በጅምላ ከሚያደርቁ በሽታዎች ቀዳሚ በሆነው የኒማቶድ አጠውልግ በሽታ ላይ ከ40 ዓመታት በላይ የዘለቀው ሳይንሳዊ ክርክር የሚያጠነጥነው በዚሁ ችግር ላይ ነው፦ ዛፉን የሚገድለው ኒማቶድ የተባለው፣ ርዝመቱ ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋው ትል ራሱ ነው ወይስ ትሉ በአካሉ ላይ ይዞት የሚገባው ባክቴሪያ? በሽታው ሥር ባልሰደደባት ኔዘርላንድስ ጥያቄው የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አገሪቱ ባለፉት 100 ዓመታት በሁለት የከተማ ዛፎቿ ላይ ያየችው ውድቀትና በሮተርዳም ወደብ በኩል ያለማቋረጥ የሚገባው የማሸጊያ እንጨት ጉዳዩን የአስተዳደርና የበጀት ጥያቄ ያደርጉታል።

ከሁለቱ ዛፎች የመጀመሪያው ኢልም ነው። የባሕር ነፋስን፣ ጨውንና በንጣፍ ድንጋይ የታፈነ አፈርን ስለሚቋቋም በአምስተርዳም ቦዮች ዳርና በዘ ሄግ ጎዳናዎች ላይ ለዘመናት ተመርጦ ሲተከል ኖሯል፤ በአገሪቱ ከተተከለውም እጅግ ብዙው «ቤልጂካ» ከተባለ አንድ ዝርያ ያለ ዘር እየተባዛ የወጣ፣ በዘረ መል ረገድ እንደ አንድ ዛፍ ሊቆጠር የሚችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በኔዘርላንድስ ኢልሞች ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ መድረቅ ታየ፤ ዲና ስፒረንቡርግ የተባለች የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያም በ1921 የበሽታውን መግለጫ አሳተመች። በጊዜው ከቀረቡት ማብራሪያዎች መካከል ድርቅና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ መርዝ ጋዝ ይገኙበታል። ከታመመው ዛፍ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ግን ሌላ ነገር ያሳይ ነበር፤ አግድም ሲቆረጥ በዓመታዊው የዕድገት ቀለበት ላይ ተከታትለው የተደረደሩ ጥቁር ቡናማ ነጥቦች ይታያሉ፣ ቅርፊቱ ሲላጥም እነዚያው ነጥቦች በእንጨቱ ቁመት የተዘረጉ መስመሮች ሆነው ይገኛሉ። ምልክቱ የሚያመለክተው ውኃ ወደ ቅጠል የሚያደርሱት ቧንቧዎች መደፈናቸውን ነው።

የኔዘርላንድስ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር በነበረችው በዮሃና ቬስተርዳይክ ቤተ ሙከራ ትሠራ የነበረችው ቤያ ሽቫርትስ በ1922 ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት ከእነዚህ ቧንቧዎች ውስጥ አንድ ፈንገስ ለይታ አወጣች፤ ግራፊየም ኡልሚ የሚል ስምም ሰጠችው። ግኝቱ ወዲያውኑ ተቀባይነት አላገኘም። በጀርመን ይሠራ የነበረው ብሩሶፍ በ1925 እውነተኛው ገዳይ ማይክሮኮከስ ኡልሚ ብሎ የሰየመው ባክቴሪያ ነው የሚል ተቃራኒ መደምደሚያ አቀረበ። ይህ መደምደሚያ ከባዶ የመነጨ አልነበረም፤ በታመመው እንጨት ውስጥ ባክቴሪያ በእርግጥም ይገኛልና። ስሕተቱ የተፈጠረው መገኘትን ከመግደል ጋር አንድ አድርጎ በመቁጠር ነው። ክርክሩን የዘጋችው ክሪስቲነ ቡይስማን ናት። በ1927 በንጹሕ ሁኔታ የተለየውን ፈንገስ ወደ ጤነኛ ኢልሞች በማስገባት ያንኑ መጠውለግ፣ ያንኑ የቡናማ ነጥቦች ቀለበት መልሳ አመጣች። የክትባቱ ወቅት ወሳኝ ነበር፤ ፈንገሱ ጎልቶ የሚጎዳው ዛፉ በበጋው መጀመሪያ ሰፋፊዎቹን የውኃ ቧንቧዎች በሚያበጅበት ጊዜ ሲገባ ነውና፣ ያለወቅቱ የተደረገ ክትባት ጥፋተኛውን ነጻ ሊያወጣው ይችል ነበር። አሉታዊ ውጤት ሁልጊዜ የንጽሕና ማስረጃ እንዳልሆነ ይህ ጉዳይ ከማንኛውም የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል፤ ወደ ፓይን ሲመጣም ይኸው ነጥብ ይመለሳል።

ገዳዩ ከታወቀ በኋላ የሆነው ነገር ግን የበለጠ ትኩረት ይሻል። ፈንገሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያጓጉዙት ቅርፊት በል ጥንዚዛዎች መሆናቸው ብዙም ሳይቆይ ተረጋገጠ፣ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችም ተዳቀሉ። በ1960 «ኮመሊን» የተባለው ዝርያ ለተከላ ቀረበ፤ ሆኖም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ የተዛመተው አዲሱና ይበልጥ ጨካኙ የፈንገስ ዝርያ ይህንኑ ዛፍ ሊያጠቃው ቻለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኔዘርላንድስ መንግሥት የታመሙ ኢልሞችን በየዓመቱ ፈልጎ የማስወገድ አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማዕከላዊው ድጋፍ ሲቋረጥና ሥራው ለየማዘጋጃ ቤቱ ሲተው፣ ቁጥጥሩ በላላባቸው ቦታዎች የሚሞቱት ዛፎች ቁጥር እንደገና አሻቀበ። አምስተርዳም ፍተሻውን ስላላቋረጠች ዛሬም ከ30 ሺህ በላይ ኢልሞች አሏት። በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት አይደለም፤ ፈንገሱ በሁለቱም ዘንድ እኩል ይታወቅ ነበር። ልዩነቱ በየበጋው ዛፍ ለዛፍ የሚዞር ተቆጣጣሪ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው ዛፍ፣ የፈረስ ቼስነት፣ ተቃራኒውን ስሕተት ያሳያል። በ2002 ገደማ በኔዘርላንድስ ባሉ ቼስነቶች ግንድ ላይ ዝገት የመሰለ ፈሳሽ መውረድ ጀመረ፤ ከፈሳሹ በስተጀርባ ያለው ቅርፊት ይሞትና ይሰነጠቃል፣ ቁስሉ ግንዱን ሲዞረው ዛፉ ይደርቃል። ተመሳሳይ ምልክት ቀድሞ የሚታወቀው ፋይቶፍቶራ በተባለ ፈንገስ መሰል ተሕዋስ ስለነበር የመጀመሪያው ጥርጣሬ ወደዚያ አመራ። ተደጋጋሚ ምርመራ ፋይቶፍቶራን ሊያገኝ ባለመቻሉ ትኩረቱ ወደ ሌላ ዞረ፤ በመጨረሻም ተጠያቂው ሱዶሞናስ ሲሪንጌ የተባለው ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ዓይነት ቀድሞ የተገለጸው በ1980 በሕንድ፣ በሌላ የቼስነት ዘመድ ቅጠል ላይ ነው። በ1925 አንድ ባክቴሪያ ያለጥፋቱ ተከሰሰ፣ በ2002 ደግሞ ሌላ ባክቴሪያ ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ ችላ ተብሎ ነበር ማለት ነው። ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ባክቴሪያ በታመመ ዛፍ ውስጥ መገኘቱ ለመክሰስም ሆነ ነጻ ለማውጣት አይበቃም።

ወደ ፓይን እንመለስ። በሽታው መጀመሪያ የተመዘገበው በ1905 በጃፓን ናጋሳኪ ነው። ለ60 ዓመታት ያህል ጥፋቱ በደረቁት ዛፎች ውስጥ በሚገኙት ጥንዚዛዎች ላይ ሲላከክ ቆየ፤ ጥንዚዛዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ቀድሞ በተዳከመ ዛፍ ላይ መሆኑ ሲስተዋል ግን ዛፉን አስቀድሞ ያዳከመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ክፍት ሆነ። በ1971 ኪዮሃራና ቶኩሺጌ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ፤ ጤነኛ ዛፍ ውስጥ ያስገቡት ኒማቶድ ዛፉን አደረቀው። ዛሬ ቡርሳፌለንኩስ ዛይሎፊሉስ ተብሎ የሚጠራው ይህ ትል የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን የዚያው አካባቢ ፓይኖች በአብዛኛው ይቋቋሙታል። በጃፓን ግን በ1979 በአንድ ዓመት ብቻ የጠፋው የፓይን እንጨት ወደ 2.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደረሰ። በ1982 ቻይና፣ በ1988 ደቡብ ኮሪያ፣ በ1999 ፖርቱጋል ተከተሉ።

የገዳይነቱ አካሄድ በዝርዝር ይታወቃል። ባለረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ከደረቀ ዛፍ ሲወጣ በመተንፈሻ ቱቦዎቹ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ከ200 ሺህ የሚበልጡ ኒማቶዶችን ይዞ ይበራል። ለጋ የፓይን ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ቅርፊቱን ሲግጥ ትሎቹ በቁስሉ በኩል ይገባሉ፣ በሙጫ መተላለፊያዎች ውስጥ ይጓዛሉ፣ ሙጫውን የሚያመነጩትን ሕያዋን ሴሎች ይበላሉ። በሞቃት አየር አንድ ትውልድ በአምስት ቀናት ገደማ ይተካል። ውኃ አስተላላፊዎቹ በአየር አረፋ ይዘጋሉ፣ የሙጫው ፍሰት ይቆማል፣ መርፌ መሰል ቅጠሎቹ በሳምንታት ውስጥ ቢጫ፣ ከዚያም ቀይ ቡናማ ይሆናሉ። የደረቀው ዛፍ ደግሞ ለጥንዚዛው መራቢያ፣ ጥንዚዛው ይዞ ለሚመጣው ሰማያዊ አቅላሚ ፈንገስም ማደጊያ ይሆናል፤ ኒማቶዱም ዛፉ ከሞተ በኋላ ይህን ፈንገስ እየበላ ይቆያል። ከእነዚህ ፈንገሶች አንዳንዶቹ ከኢልም ገዳዩ ፈንገስ ጋር በአንድ ወገን የሚመደቡ ናቸው።

ባክቴሪያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ትልልቆቹን ዛፎች ለማድረቅ በቂ የሚመስል የትል ብዛት ሳይታይ ዛፉ መጠውለግ መጀመሩ ተመራማሪዎችን ወደ መርዝ ፍለጋ አመራቸው። በ1980 ኦኩና ባልደረቦቹ ከኒማቶዱ ጋር የሚገኙ ባክቴሪያዎች መርዝ በማመንጨት በበሽታው ሊሳተፉ እንደሚችሉ አመለከቱ፤ በኋላ በተደረጉ ጥናቶችም ፌኒል አሴቲክ አሲድ የተባለው ለፓይን ችግኝ መርዝ የሆነ ውህድ ከባክቴሪያዎች ጋር ተያያዘ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በቻይና የናንጂንግ ደን ዩኒቨርሲቲው ዣኦ ቦጓንግና ባልደረቦቹ ክርክሩን አጠነከሩት፦ በሙከራዎቻቸው ከባክቴሪያ የጸዳ ኒማቶድ ብቻውን ችግኙን አላጠወለገም፣ ከባክቴሪያው ጋር ሲጣመር ግን አጠወለገው፤ ስለዚህ በሽታው የሁለቱ ጥምር ሥራ ነው። በአንጻሩ ታሙራ በ1983፣ ዬ ጂያንረን የተሳተፈበት የዚያው የናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ቡድንም በ2012 ከባክቴሪያ የጸዳው ኒማቶድ ያለ ረዳት ፓይንን መግደል እንደሚችል የሚያሳይ ውጤት አሳተሙ።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ውጤት መገኘቱ የሳይንስ ድክመት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የሙከራው አስቸጋሪነት ውጤት ነው። ትልን በኬሚካል ከባክቴሪያ ማጽዳት ትሉን ራሱን ሊያዳክመው ይችላል፣ ያኔ ችግኙ ሳይጠወልግ የቀረው ባክቴሪያው ስለሌለ ነው ወይስ ትሉ ስለተዳከመ የሚለው አይለይም። በሌላ በኩል ፍጹም ንጹሕ የመሰለ ችግኝ በውስጡ የራሱን ባክቴሪያ ደብቆ ሊይዝ ይችላል። የማስረጃው ሚዛን ሲታይ ግን አንድ መስፈርት ብልጫ አለው፦ ባክቴሪያው የግድ አስፈላጊ ነው የሚለው አቋም የሚፈርሰው ያለ ባክቴሪያ በተሳካ አንድ አስተማማኝ ግድያ ነው፣ እንዲህ ያለ ግድያ ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመዝግቧል። ባክቴሪያው የግድ ነው የሚለው በዚህ ምክንያት ሊጸና አይችልም፤ ባክቴሪያው ያግዛል የሚለው ግን ይጸናል። የፖርቱጋልና የጃፓን ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳዩት ከኒማቶዱ ጋር የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዛፉ ራሱን ለመከላከል ከሚያመነጨው ኦክሳይድ አድራጊ ጥቃት ትሉን ይጠብቁታል። ከዚህም የጠለቀ ዝምድና አለ። በ2011 የታተመው የኒማቶዱ ሙሉ ዘረ መል ትሉ የዛፍ ሴሎችን ግድግዳ የሚያፈርስባቸውን አንዳንድ ጂኖች በሩቅ ዘመን ከፈንገስና ከባክቴሪያ የወረሰ መሆኑን አመልክቷል። ባክቴሪያው በዛሬው ወረራ ላይ ባይገኝ እንኳ መሣሪያው በትሉ ውስጥ ተቀምጧል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ዓይነቱ ጥምረት እንግዳ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ አምጪ ዛንቶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድቡሪ በ1968 አሳይተዋል፤ በእንሰት ሥር ላይ ደግሞ ሥር አቁሳይ ኒማቶድ በብዛት ይገኛል። በእንሰት ዋናው ገዳይ ባክቴሪያው፣ ኒማቶዱ ቢበዛ ረዳት ነው፤ በፓይን ሚናው ተገልብጦ ይገኛል። የቁጥጥሩ ብልሃትም ሚናውን ይከተላል። እንሰት ላይ በሽታውን የሚያዛምተው ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሻገረው ቢላዋ ስለሆነ ገበሬው ቢላዋውን በእሳት ወይም በማጽጃ እንዲያጸዳ ይመከራል፤ ፓይን ላይ ደግሞ የቢላዋውን ቦታ የሚይዙት ጥንዚዛውና የሚጓጓዘው እንጨት ናቸው።

ከዚህ በመነሣት ወደ ሮተርዳም መድረስ ይቻላል። የአውሮፓ ትልቁ ወደብ የሆነው ሮተርዳም በዓመት ከ13 ሚሊዮን በላይ መደበኛ ኮንቴይነሮችን ያስተናግዳል፤ ከእነዚህ ውስጥ በብዙዎቹ ዕቃው የሚያርፈው በእንጨት ፓሌት ላይ ነው። ከባዱን የድንጋይ ንጣፍ የሚሸከመው ፓሌት ከርካሽና ካልተላጠ እንጨት የሚሠራበት ጊዜ ስላለ የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ከቻይና ከሚመጡ ድንጋይና መሰል ዕቃዎች ጋር ለሚገባው የማሸጊያ እንጨት የተለየ ፍተሻ ደንግጓል። በፓሌቱ ጎን ላይ በጋለ ብረት ወይም በቀለም የታተመው የስንዴ ዘለላ ምልክት፣ የአገር ኮድና «ኤችቲ» የሚሉት ፊደላት እንጨቱ እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ መሞቁን የሚገልጹ ናቸው፤ ይህ በ2002 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ደረጃው የተመሠረተው ባክቴሪያው ምን ያደርጋል በሚለው ላይ ሳይሆን ኒማቶዱንና ጥንዚዛውን በሚገድለው ሙቀት ላይ ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ችግሩ ማኅተሙ ሙቀቱን አለመለካቱ ነው። ማኅተም ያለበት ሁሉ በእርግጥ ሞቋል ማለት አይቻልም፣ ይህን የሚያረጋግጠውም ፓሌቱን ቆርጦ፣ ቅርፊትና የጥንዚዛ ቀዳዳ ፈልጎ፣ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ የሚልክ ተቆጣጣሪ ብቻ ነው።

ፍተሻው ቢያመልጠው የሚከተለው ወጪ በፖርቱጋል ታይቷል። በሽታው በ1999 በሴቱባል ልሳነ ምድር ሲገኝ በዚያው ሊታገድ ይችላል የሚል ግምት ነበር፤ በ2007 በአካባቢው ዙሪያ ሦስት ኪሎሜትር ስፋት ያለው ከፓይን የጸዳ ቀጠና ተቆረጠ። በቀጣዩ ዓመት በሽታው ከቀጠናው ርቆ በመካከለኛው ፖርቱጋል ተገኘ። ጥንዚዛ ይህን ያህል ርቀት በራሱ ክንፍ አይሻገርም፤ የተሸከመው እንጨት የሚያጓጉዝ ሰው ነው። በአውሮፓ ኅብረት የ2012 ድንጋጌ መሠረት ኒማቶድ በተገኘበት ዛፍ ዙሪያ ቢያንስ 500 ሜትር ራዲየስ ውስጥ ያለ ተጋላጭ ዛፍ ሁሉ ይቆረጣል፤ ይህም ለአንድ የታመመ ዛፍ 78 ሄክታር ያህል ነው። በመሠረቱ ቢያንስ 20 ኪሎሜትር የሚሰፋ የመከላከያ ቀጠናም ይከለላል፤ ቀጠናው ከሮተርዳም ወደብ መግቢያ ከሁክ ፋን ሆላንድ ቢለካ የዘ ሄግን አብዛኛውን ክፍልና በዙሪያዋ ያለውን የባሕር ዳር አሸዋማ ኮረብታ ይጨምራል።

የኔዘርላንድስ መከላከያ እስካሁን በከፊል የአየር ንብረቷ ነበር። በሽታው ምልክቱን አጉልቶ የሚያሳየው አማካይ የበጋ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በሚበልጥበት አካባቢ ነው። በደ ቢልት በሚገኘው የአገሪቱ ማዕከላዊ የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያ የጁላይ ወር አማካይ ከ1961 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ከ17 ዲግሪ በታች ነበር፤ ከ1991 እስከ 2020 ባለው ስሌት ከ18 አልፏል። በ2006 የጁላይ አማካይ 22.3 ዲግሪ፣ በ2018 ደግሞ ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኗል፤ በ2019 በኂልዘ ሬይን 40.7 ዲግሪ ተመዝግቧል። የስኮትስ ፓይን በኔዘርላንድስ ደኖች ከሁሉም የዛፍ ዓይነት የበለጠ ድርሻ ያለው ሲሆን፣ ለኒማቶዱ ተጋላጭ ከሆኑት መካከል አንዱ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ በሰፊው መትከል ምን እንደሚያስከትል አገሪቱ በ«ቤልጂካ» ኢልም ዓይታለች፣ ፓይኑ ከዘር ስለሚበቅል በዘረ መል እንደዚያ አንድ ወጥ ባይሆንም የተጋላጭነቱ ስፋት ተመሳሳይ ነው።

ከሁሉም የከፋው አደጋ የሚመነጨው ከቅዝቃዜው ራሱ ነው። በቀዝቃዛ አካባቢ ኒማቶዱ የገባበት ፓይን ሳይጠወልግ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ባክቴሪያውም ሆነ ትሉ በጸጥታ በእንጨቱ ውስጥ ናቸው፣ ዛፉ በሌላ ምክንያት ሲቆረጥም እንጨቱ ይጓጓዛል። ስለዚህ የደረቁና ቅጠላቸው የቀላ ዛፎችን ብቻ ቆጥሮ አካባቢው ነጻ ነው የሚል የቅኝት ሪፖርት የሚለካው በሽታውን እንጂ ተሕዋሱን አይደለም። የባክቴሪያው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ቤተ ሙከራዎች መመርመራቸው ሊቀጥል ይገባል፤ ወደፊት ዛፉን የሚያተርፍ መድኃኒት ቢገኝ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። የወደብ ተቆጣጣሪውና የማዘጋጃ ቤቶቹ የዛፍ ክፍሎች ግን የዚያን ክርክር ፍጻሜ የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። በወደቡ ዙሪያ፣ በእንጨት መሰንጠቂያዎችና በፓሌት መጠገኛዎች አቅራቢያ በማንኛውም ምክንያት የተቆረጠ ወይም የወደቀ ፓይን ሁሉ ናሙናው ተወስዶ ኒማቶድ መኖር አለመኖሩ ይመርመር፤ የዚህ ወጪ ከ78 ሄክታር ቆረጣ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። የጁላይ አማካይ ሙቀቱ 18 ዲግሪ በሆነ አገር ምልክት ያላሳየ ፓይን ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም በማስረጃ የተደገፈ አይደለም።